ለጎዳና ሰው ዋስ መሆን

የዛሬው ዝግጅታችን ቤት ስለሌላቸው ወገኖቻችንና እኛ ክርስቲያኖች ስላለብን ኃላፊነት ነው። ምጽዋት ስጡ ለማለት አልመጣሁም። እሱን ከእኔ የተሻሉ መምህራን በየዐውደ ምሕረቱና በየጸሎት ቤቱ ያስተምራሉ፤ ሕዝባችንም ቢሆን ለመስጠት የሚሰስት አይደለም። እኔ የማነሣው ከምጽዋቱ ቀጥሎ ያለውን፣ ብዙዎቻችን ሳንደርስበት የምንቀረውን ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ወርኃ ጽጌ መሆኑን ታውቃላችሁ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ዮሴፍና ሰሎሜን አስከትላ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ወቅት ነው። ቅዳሜ ሲመሽ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ካህናቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጸናጽሉ እየተንሿሿ፣ ከበሮው እየተመታ፣ ማደሪያ ያጣችው እናትና በረሃ ላይ የተጠማው ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ በዜማ ይዘከራሉ። ጊዜው ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ የሚጀምርበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና የጥቅምት ሌሊት ብርዷ አጥንት ይሰብራል። በዚያው ሌሊት፣ ከዚያው የቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ፣ ግንቡን ተጠግታ ሕፃን ያቀፈች እናት ተኝታለች። ከበሮው ይሰማታል። ማኅሌቱን መቆም ይቅር እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የእመቤታችንን ስደት ሌሊቱን ሙሉ የሚዘክር ሕዝብ፣ ልጅ ታቅፋ ደጅ የምታድር እናት ነገር ከማንም በፊት ሊገባው ይችላል ብዬ ከልቤ ስለማምን ነው የማነሣው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀንን ሲነግረን ስድስት ዓይነት ሰዎችን ይጠራል፦ የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ የሆነ፣ የታረዘ፣ የታመመ፣ የታሰረ። የተራበውን ማብላት፣ የታረዘውን ማልበስ ለእኛ አዲስ አይደለም። ስለ እንግዳው የተባለውን ግን ልብ በሉልኝ። በእንግዳው ላይ የሚጠየቀው ተቀብላችሁታል ወይስ አልተቀበላችሁትም ነው። እንጀራ በመኪና መስኮት ማቀበል ይቻላል፤ እንግዳ ለመቀበል ግን በር መክፈት ግድ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲገልጽ፣ ማደሪያ ያጡ ድሆችን ወደ ቤት ማስገባትን ከጾሙ ጋር አብሮ ይቆጥረዋል። ጾመኛ ለሆነ ሕዝብ ይህ ምዕራፍ ከባድ ጥያቄ ያነሣል።

እስቲ ጎዳና ላይ ማደር እንዴት እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። በረንዳ አዳሪ የሚተኛው ሱቆች ከተዘጉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማዳበሪያ ይነጠፋል፣ በላዩ ካርቶን ይደረባል። አንድ ካርቶን አይበቃም፤ ከሲሚንቶው የሚወጣው ቅዝቃዜ ኩላሊት ድረስ ይዘልቃል። ጫማ ተወልቆ ትራስ ይሆናል፤ እግር ላይ ከተተወ ጠዋት አይገኝም። ጀርባ ለጀርባ ተያይዞ መተኛት ያሞቃል። ሴቶች ከሆኑ ደግሞ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ትጠብቃለች። ሱቁ ሳይከፈት መነሣት ያስፈልጋል፤ ካርቶኑም ለማታ እንዲደርስ ከአንድ ሊስትሮ ሳጥን ሥር ወይም ከሚያውቁት ዘበኛ ጋር ይቀመጣል። ምግቡ ብዙ ጊዜ ቡሌ ነው፤ ከሆቴል የተራረፈ፣ ያም ቢሆን በገንዘብ የሚገዛ። ቀኑን አንዱ ዕቃ ይሸከማል፣ አንዱ መኪና ያጥባል፣ አንዷ ባዶ ሃይላንድ እየለቀመች ትሸጣለች። ብዙዎቹ እጃቸውን ለልመና ዘርግተው አያውቁም፤ እኛ ግን ሁሉንም በጅምላ የኔ ቢጤ አድርገን እናያቸዋለን።

መኪና የሚያጥብ አንድ ወጣት አነጋግሬ ነበር። ከገጠር ከመጣ ዓመታት አልፈዋል። ከዕለት ገቢው የቻለውን ያህል ለአንዲት ጀበና ቡና ለምታፈላ ሴት አደራ እየሰጠ የወር ኪራይ አጠራቀመ። ደላላ ይዞት ሄዶ አንዲት ጠባብ ሰርቪስ ቤት አሳየው። አከራይዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ውኃም አጠጥተውታል። መታወቂያ ጠየቁት፤ የለውም። ለማውጣት ወረዳ ሄዶ ነበር፤ ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ እንዲያመጣና የሚኖርበትን ቤት እንዲናገር ጠየቁት። ቤት ለመከራየት መታወቂያ ያስፈልገዋል፣ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ቤት። አከራይዋ፣ «እሺ ልጄ፣ እንግዲያው የሚያውቅህ ሰው ይዘህ ና» አሉት። የሚያውቁት ሁሉ እንደ እሱ በረንዳ የሚያድሩ ናቸው። ቡና የምታፈላዋም ራሷ የሰው ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ልጁ የወሩን ኪራይ በኪሱ እንደያዘ ወደ በረንዳው ተመለሰ።

አድማጮቼ፣ ይህ ወጣት ገንዘብ አላጣም። ያጣው ዋስ ነው። በአገራችን ዋስ የሌለው ሰው ቤት አይከራይም፤ በዘበኝነትም ሆነ በቤት ሠራተኝነት አይቀጠርም። ሆስፒታል ሲተኛ የሚያስታምመው፣ መድኃኒት የሚገዛለት፣ ሲወጣ የሚረከበው የለም። ሲሞትም እድር ስለሌለው ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል። አምስት ብር፣ አሥር ብር የሰጡት ብዙዎች ናቸው። «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ቢያጠፋ እኔን ጠይቁኝ» የሚለው ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና የላካት መልእክት 25 ቁጥር ብቻ ያላት ናት፤ በአንድ ቁጭታ ትነበባለች። አናሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነበር። ከጌታው ቤት ወጥቶ ጳውሎስ ታስሮ ካለበት ደረሰ፤ እዚያም አመነ። እንግዲህ አስቡት፤ ቤት የለው፣ ወገን የለው፣ ቢመለስ ቅጣት ይጠብቀዋል። ጳውሎስ በዚያ ሰዓት እስረኛ ነው፤ የሚሰጠው ገንዘብ የለውም። ያለው ስሙ ነው፤ እሱን ሰጠው። የአናሲሞስ በደልም ሆነ ዕዳ በእሱ በጳውሎስ ላይ እንዲቆጠር በገዛ እጁ ጽፎ ፈረመለት። ከባሪያ አብልጦ እንደ ወንድም፣ ጳውሎስንም ራሱን እንደሚቀበል አድርጎ እንዲቀበለው ፊልሞናን ለመነው። በመጨረሻም አንድ ነገር ጨመረ፦ እኔም እመጣለሁና ማረፊያ አዘጋጅልኝ አለው። ዋሱ ጽፎ አልሸሸም፤ መጥቶ ሊያይ ነው። አናሲሞስን ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከቅዱሳን ትቆጥረዋለች።

«መጽሐፈ ምሳሌ እኮ ለማናውቀው ሰው ዋስ እንዳንሆን ያስጠነቅቃል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ማወቅ ይቀድማል። ጳውሎስም ስለ አናሲሞስ የጻፈው አብሮት ሰንብቶ፣ ሲያገለግለው አይቶ ነው። በየቀኑ የምናልፈውን ሰው ስም መጠየቅ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን መሥራት እንደሚችል፣ ማን እንዳለው ማወቅ የዋስነት መጀመሪያ ነው። ሳንቲም እየወረወሩ ዓመት ሙሉ ማለፍ ይቻላል፤ እንዲህ እየሰጡ ግን ሰውየውን ማወቅ አይቻልም።

ከማወቅ የሚከለክለን ምንድን ነው? አባቶቻችን ስለ አብርሃም የሚተርኩትን ታስታውሳላችሁ። አብርሃም እንግዳ ሳይገኝ የማይበላ ሰው ነበር። በዚህ የቀናው ሰይጣን ራሱን ፈንክቶ፣ ደሙን እያዘራ መንገድ ላይ ተቀመጠና ወደ አብርሃም ድንኳን የሚሄደውን ሁሉ፣ «አብርሃም ድሮ የምታውቁት አብርሃም አይደለም፤ እኔንም ደብድቦ ነው የሰደደኝ» እያለ መለሰው። ሦስት ቀን እንግዳ ጠፋ፤ አብርሃምም ሦስት ቀን ሳይበላ ቆየ። በኋላ ሥላሴ በእንግዳ አምሳል መጡለት። ሐምሌ 7 የምናከብረው ይህንኑ ነው።

ዛሬም መንገዱ ላይ ወሬ ተቀምጧል። አሁን ግን የሚያስፈራራው አስተናጋጁን ነው። «ብር ብትሰጠው ማስቲሽ ይገዛበታል»፣ «ሥራ አይወዱም»፣ «ቀን ለምነው ማታ ቪላቸው ይገባሉ» ይላል። ማስቲሽ የሚስብ ልጅ መኖሩ እውነት ነው። ብርዱንና ረሃቡን ያስረሳዋል፣ አእምሮውን ግን ይበላዋል። ሰው የሚያታልል መኖሩም እውነት ነው፤ በንግዱም፣ በመሥሪያ ቤቱም አለ። እኔን የሚያሳዝነኝ ወሬው እንደ አስተዋይነት መቆጠሩ ነው። ማንንም ሳናነጋግር ስለ ሁሉም ፈርደን እናልፋለን፤ የአብርሃም ልጆች ነን እያልን ድንኳኑን ከውስጥ እንዘጋለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩት ደግሞ አእምሯቸውን የታመሙት ናቸው። ፀጉራቸው የተንጨባረረ፣ ብቻቸውን የሚያወሩ፣ አንዳንዴም ልብሳቸውን የጣሉ። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ 217 አዋቂዎች ላይ ኢትዮጵያውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከእነዚያ ሰዎች 41 ከመቶ የሚሆኑት ከእውነታ የሚያለያይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። ቁጥሩን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሕመሙ ሰውን ወደ ጎዳና እንደሚያወጣ፣ ጎዳናውም ሕመሙን እንደሚያብስ እንድናስተውል ነው። በብዙ ቤት ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ ልጁ መተኛት ይተዋል፣ ጎረቤት ይሰማ ይሆን ተብሎ ይደበቃል፣ ጸበል ይወሰዳል፣ ሲቆይ ቤተሰቡ ይሰለቻል፣ አንድ ቀን ይወጣና አይመለስም።

ስለ ጸበሉ አንድ ነገር ልበል። ጸበል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን መተው የለበትም። የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። ለአእምሮ ሕመምም የሚሠራው ይኸው ነው። ጎዳና ላይ ያለውን ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው፣ ክኒኑን በሰዓቱ የሚያስውጠው፣ የቀጠሮውን ቀን የሚያስታውስለት ሰው ይፈልጋል። ዋስነት እዚህ ላይ የቀጠሮ ካርድ መያዝ ነው።

አገራችን ይህን በሕይወታቸው ያሳዩ ሰዎች አሏት። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ገደማ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄደው ነበር። ረሃብ ነበረ። ለመንገዳቸው ከያዙት ዳቦና ጸበል በቀር የሚሰጡት አልነበራቸውም። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ። ባለቤታቸው ከእሳቸውና ከልጆቹ አንዱን ምረጪ የሚል ነገር ሲያመጡባቸው ልጆቹን ይዘው ወጥተው የዶሮ ቤት ውስጥ ኖሩ። ልብ በሉ፤ እኚህ እናት ቤት የሌላቸውን ልጆች ሲቀበሉ ራሳቸው ቤት አልባ ሆነዋል። ከዚያ የዶሮ ቤት ነው በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ያደጉበት ድርጅት የወጣው።

አቶ ቢኒያም በለጠም በ2002 ዓ.ም. መቄዶንያን ሲጀምር የነበረው የቤተሰቡ ቤት ነው። ጥቂት አረጋውያንን ከመንገድ አንሥቶ ማጠብና ማብላት ጀመረ፤ ዛሬ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በሺዎች ተጠልለውበታል። የእማሆይ ትሬዛ ማኅበር እኅቶችም በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ጀምሮ ማንም የማይነካቸውን ሕሙማን እያጠቡ አሉ። በወንጌላውያን በኩል ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1972 እ.ኤ.አ. ለውጭ አጋሮቿ የጻፈችው ደብዳቤ አለ። በዚያ ዘመን ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ሐሳብ ነፍስንና ሥጋን ለያይቶ ማገልገል አይቻልም፣ ሰው አንድ ሙሉ ፍጥረት ነው የሚል ነበር።

እነዚህን ስንጠራ ደስ ይለናል፤ ይገባልም። አንድ አደጋ ግን አለ። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ስናይ «ለመቄዶንያ ደውሉ» ብለን ማለፍ ለምደናል። መደወሉ መልካም ነው፤ ማለፉ ነው ችግሩ። ዮሐንስ አፈወርቅ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ የሐዋርያት ሥራን ሲተረጉም ይህንኑ ገጥሞታል። ምእመናኑ፣ ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ማረፊያ አላት፣ ድሆቹ እዚያ ይሂዱ ይሉት ነበር። የእሱ መልስ፣ ካህናት ስለሚጸልዩ እናንተ መጸለይ ትታችኋልን የሚል ነበር። ቀጥሎም ያዘዛቸው ነገር በጣም ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ በቤቱ አንዲት ክፍል ለእንግዳ ይተው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛና መብራት ያስቀምጥባት። የቤቱ ትንሿ ክፍል ብትሆንም ግድ የለም። ከ1,600 ዓመት በፊት የተባለ ነው፤ ለእኛ ሰርቪስ ቤቶች የተባለ ይመስላል።

ሁሉም ሰው የማያውቀውን ሰው ቤቱ ያስገባ እያልኩ አይደለም። ሴት ልጆች ያሏት እናት፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ማድረግ የሚችለውና የማይችለው አለ። አንድ ቤት የማይችለውን ግን ብዙ ቤቶች በአንድ ላይ ይችላሉ፤ ለዚህም አዲስ ድርጅት መፍጠር አያስፈልገንም። ጽዋ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን፣ እድር አለን፤ በወንጌላውያን ዘንድ የቤት ለቤት የጸሎት ቡድን አለ። ለዝክር ስንሰበሰብ እንጀራው፣ ጠላው፣ ዳቦው ይቀርባል፤ የተረፈው ለነዳያን ይሰጣል። እስቲ ሃያ አባላት ያሉት አንድ ማኅበር በዓመት አንድ ሰው ብቻ ይያዝ። ስሙን ይወቅ፤ የወር ኪራዩን ለስድስት ወር ይጋራለት፤ ከአባላቱ መካከል ቋሚ መታወቂያ ያለው አንዱ ለአከራይ ይፈርምለት፤ መሸኛውን የሚያስልክለት ሰው ወደ ትውልድ ቀበሌው ይደውል። ከመካከላችሁ ጋራዥ ያለው፣ ዳቦ ቤት ያለው፣ ግንባታ ላይ የሚሠራ አይጠፋም፤ ሥራ የሚገኘው ከዚያ ነው። የእድር መዝገብ ላይም ስሙ ይስፈር። መዋጮውን ሌሎች ይሸፍኑለት፤ በእድር የተመዘገበ ሰው የሰፈር ሰው ነውና ከዚያ በኋላ ሲታመም የሚጠይቀው ያገኛል። መንግሥት በከተማ ሴፍቲኔት ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የጀመረው ድጋፍ አለ፤ ከተማው የከፈታቸው የተስፋ ብርሃን ምገባ ማዕከላት አሉ። እዚያ የሚያደርሰው፣ ፎርሙን የሚሞላለት ሰው ከማኅበሩ ይሁን።

ለሰበካ ጉባኤዎችና ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደግሞ በአክብሮት የምለው አለኝ። በየከተማው ብዙ አድባራት አጥራቸውን ተከትለው ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ። ገቢው ለአገልጋይ ደመወዝና ለሕንፃ ይውላል፤ አስፈላጊ ነው። የጸሎት አዳራሾቻችንም ከእሑድ ውጭ ባዶ የሚውሉበት ቀን ብዙ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ቀጰዶቅያ ያደረገውን እናስታውስ። በ368 እ.ኤ.አ. ገደማ ብርቱ ረሃብ ሆነ፤ እሱ የባለጠጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ ሕዝቡን መገበ። ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ትልቅ መንደር ሠራ፦ ለመንገደኛ ማደሪያ፣ ለሕሙማን ሐኪምና አስታማሚ፣ ለለምጻሞች መጠለያ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ስፍራውን አዲስ ከተማ ብሎ ጠራው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ባስልዮስ ለአገረ ገዥው በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ የጠቀሰው ነው። በዚያ ግቢ የእጅ ሥራ የሚሠራባቸው ቤቶችና ባለሙያዎችም ነበሩ። ቁራሽ ሰጥቶ ማሳደር ብቻ አልበቃውም፤ ሙያም እንዲኖር አሰበ። ከተከራዩት ሱቆች አንዲቱ ብቻ የጫማ መስፊያ፣ የልብስ ስፌት ወይም የብረት ሥራ መማሪያ ብትሆን፣ አስተማሪውም ከምእመናኑ መካከል ቢመጣ፣ ደጁ ላይ የተቀመጠው ወጣት ወደ ውስጥ የሚገባበት በር ያገኛል።

ጉዳዩ ሌላም ጎን አለው። ሰው ጎዳና ላይ ከመውጣቱ በፊት ከአንድ ቤት ይወጣል፤ ያ ቤት አንዳንዴ የእኛ ነው። አከራይ ከሆንን ኪራዩን ድንገት ጨምረን አዛውንት ተከራይ እንዳናስወጣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ራሱ ይይዘናል፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ክርስቲያን ግን ሕጉ እስኪይዘው አይጠብቅም። የቤት ሠራተኛ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ አረገዘች ተብሎ፣ ወይም ዕቃ ሰበረች ተብሎ ማታ ከቤት ትባረራለች። ደመወዟ እመቤቲቱ ጋ ነው፤ ከተማውን አታውቀውም። የዚያን ሌሊት የምታድረው መናኸሪያ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ኦሪት ዘዳግም ያዝዛል፤ ያዕቆብም በመልእክቱ የተያዘ ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ ይናገራል። ልጅቷ መሄድ ካለባት ጠዋት ትሂድ፣ ደመወዟን በእጇ ይዛ፣ ወገን ዘንድ የሚያደርሳት ሰው አግኝታ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚፈራው ልምጣ። ዋስ የሆናችሁለት ሰው ሊያሳፍራችሁ ይችላል። ኪራይ ከፍላችሁለት ጠጥቶ ሊመጣ ይችላል፤ ሥራውን ጥሎ ይጠፋል፤ ብርድ ልብሱን ሸጦ ወደ በረንዳው ይመለሳል። ዓመታት ጎዳና ላይ የኖረ ሰው በዝግ ክፍል ውስጥ ብቻውን መተኛት ራሱ ያስፈራዋል፤ ጀርባውን የሚሰጠው ጓደኛ ይናፍቀዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ሥራውን ለአንድ ሰው አይተው፤ አንድ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፣ ቶሎም ይናደዳል። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይመደቡ፤ በየሳምንቱ አንዳቸው ይጠይቁት፤ ገንዘቡም በአንድ ጊዜ በእጁ ሳይሰጥ ኪራዩ ለአከራዩ ይከፈል። ከጠፋ በሚያውቁት በረንዳ ሄደው ይፈልጉት። ሲያገኙት ለምን አሳፈርከን ከማለት በፊት ምን እንደገጠመው ይጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ሕመም፣ ሱስ ወይም ከቤተሰብ የመጣ መርዶ ነው። ክፍሉን ለአንድ ወር ይያዙለት። በሁለተኛው ጊዜ ሲገባ ቁልፉን የሚሰጠው ያው የመጀመሪያው ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ያንን ሰው ያውቀዋል።

ስለ ሕፃናት ዛሬ ብዙ ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። ጎዳና ላይ ያለን ልጅ ካገኛችሁ መግቡት፣ አናግሩት፤ ነገር ግን ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትንና ፖሊስን ሳታሳውቁ ወደ ቤታችሁ አትውሰዱት። የሚፈልጉት ወላጆች ይኖሩት ይሆናል። ይህንን በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከጉዳዩ ባለሙያ ጋር በሰፊው እንነጋገርበታለን።